ሠላሳ አምስት ካሬ

ሐረጎን ሲወጣ የተጫነ መኪና፣
በአንደኛ ማርሽ ነው፤ በማቃሰት፣ በልመና።
ጋሽ አራጋው "ከረንትም እንደዚያው ነው" ይላል፣
"ጭነቱ ሲበዛ ሰፊ መንገድ ይሻል።"

ሱቃችን ሰኞ ገበያ ነው፣ ከአስፋልቱ ማዶ፤
የጦሳ ጉም ሳይጠሩት ይገባል፣ ደጁን ለምዶ።

ሰኔ ነበር። ዝናብ ነድቷት ገባች እትዬ ዙበይዳ፣
የተሰበረ ጃንጥላ ይዛ፣ ከሆጤ በጭቃ ወርዳ።
"ሁለት መቶ ስልሳ አራት እንቁላል በማሽን ታቅፌ፣
መብራት በሄደ ቁጥር እነቃለሁ ደንግጬ ከእንቅልፌ።
ባትሪው ተገዛ፣ ኢንቨርተሩም፤ ሽቦ ነው የቀረኝ፤
ቀጭኑን ስጠኝ፣ ስድስት ስድስት ሜትር፤ ገንዘብ አጠረኝ።"

ጋሽ አራጋው እርሳሱን ከጆሮው ላይ ወሰደ፣
የካርቶን ክዳን ገልብጦ ቁጥር እየደረደረ ሄደ።
"ሺህ ዋት ነው ማሽንሽ፤ ሺው ለአሥራ ሁለት ሲካፈል፣
ሰማንያ ሦስት አምፔር፤ በክር ልለፍ ቢል፣ ክሩ ነው የሚቃጠል።
የግድግዳው መብራት በሁለት መቶ ሃያ ይገፋል፣ ቀጭኑም ይችለዋል፤
ባትሪ ግን ግፊቱ ትንሽ፣ ጭነቱ ብዙ፤ ወፍራም ይፈልጋል።
ሠላሳ አምስት ካሬ ውሰጂ። ባትሪውንም አምጪው ከማሽኑ ሥር፤
ሁለት ሜትር ይበቃል፤ መንገድ በረዘመ ቁጥር ሌባ አይጠፋም ከዳር።"

ዋጋውን ጠየቀች። ነገራት። ዝም አለች።
"መዳብ መዳብ ነው፣ ጋሼ" ብላ ወጣች።
ከጎረቤት ሱቅ ባለ ስድስቱን፣ ቀይና ጥቁር፣
በፌስታል ይዛ በባጃጅ ስታልፍ አየኋት፤ ወደኛ ሳትዞር።

በአራተኛው ቀን መጣች። ሰላምታም አልሰጠችም።
ፌስታሉን ባንኮኒው ላይ ዘረገፈችው፤ አላለቀሰችም።
ላስቲኩ ቀልጦ ቀዩ ከጥቁሩ ተጣብቋል፣
መዳቡ ከስሏል፤ ሱቁን ክርፋቱ አጥለቅልቋል።

"ባትሪው ሙሉ ነበር" አለች። "ሙሉ ነበር እኮ።
ኢንቨርተሩ ጮኸ፣ ጮኸ፣ ጠፋ። ገመዱን ብነካው እሳት።
ሙቀቱ ሁሉ እዚያ ቀረ፤
እንቁላሉ በረዶ ነበረ።"

ጋሽ አራጋው "ብዬሽ ነበር" አላለም።
እኔ ልል ስል ዓይኑ ፊቴ ላይ ቆመ፤ እኔም አላልኩም።
ማታ ከኮምቦልቻ የገባውን ጥቅል አወረደ፤
ሁለት ሜትር ለካ፣ ደገመ፤ መጋዙ መዳቡን እየበላ ወረደ።
ካፖኮርዳውን አጥልቆ ጨመቀ፣
በሁለት እጁ ስቦ ፈተነው፤ አልተላቀቀ።
ፊውዝ አከለበት። "ይኼ ዘበኛ ነው፤ ክፉ ቀን ከመጣ፣
ቤትሽ ከሚነድ እሱ ይሙት፤ ሌላ አይታጣ።"
ግማሹን በዱቤ ጻፈው፤ መክፈያ ቀን በሚለው ሥር፣
"ጫጩቶቹ ሲጮኹ" አለ ብቻ፤ ቀን የለ፣ ቁጥር።

ሐምሌ ሊወጣ ሲል፣ አንድ ማታ መብራት ሄደ።
ደሴ በሙሉ ጠፋች፤ ጉሙ ብቻ በመንገዱ ነጎደ።
"ሂድና ገመዱን ዳስሰው" አለኝ፣ "ሌላ ምንም አትንካ።"
ሄድኩ፤ በእጅ ባትሪ የሆጤን ዳገት እየለካሁ፣ ስንሸራተት፣ ስንበረከክ።

ዙበይዳ በሩን በካልሲ ከፈተች፤ ቤቱ ውስጥ ሰው የተኛ ይመስል።
ማሽኑ ያጉረመርማል። መስታወቱ ቢጫ ነው። ወደ ውስጥ ዘለቅሁ ቀስ ስል፣
እጄን ሰደድኩ፤ ሠላሳ አምስቱ ካሬ
ቀዝቅዟል፣ እንደ ማለዳ ድንጋይ፣ እንደ ተኛ አውሬ።
ይኼ ሁሉ ጭነት በሆዱ እያለፈ፣
አንድ ጊዜ እንኳ አልተነፈሰ፣ አላኮረፈ።

ጠዋት ሱቁን ስከፍት ቀድሞኝ ቆሟል።
"ገመዱ?"
"ቀዝቃዛ።"
"እንቁላሉ?"
"ሙቅ።"
እርሳሱን ወደ ጆሮው መለሰ።